የድምፅ ልጓም በገዛ እጅ

የስዊስ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1871 ዓ.ም. ወደ ሸዋ ሲመጣ የምኒልክ ከተማ አንኮበር ነበረች። ንጉሡ ጠብመንጃ እንዲሠራላቸው ባዘዙት ጊዜ፥ ከውጭ መግዛቱ ይረክሳል ቢላቸው፥ ግድ የለም፥ እዚሁ ይሠራ ብለው እንዳሠሩት ይተረካል። ይህን ያነሣነው ኮምፕሬሰር ፔዳል ስለምትባል፥ በእግር ስለምትረገጥ ትንሽ ሳጥን ለመናገር ነው።

የኤሌክትሪክ ጊታር ወይም ድምፅ ተቀባይ የተገጠመለት ክራር ሲመታ፥ ድምፁ መጀመሪያ ይጮኻል፤ ወዲያውም ይከስማል። ኮምፕሬሰር የጮኸውን ያዝ፥ የደከመውን ለቀቅ እያደረገ ያስተካክለዋል።

አሠራሩን እንመልከት። ብርሃን በማይገባው ቱቦ ውስጥ አንዲት የኤልኢዲ መብራትና ብርሃን ሲያርፍበት የኤሌክትሪክ መቋቋም ኃይሉ የሚቀንስ ሬዚስተር ፊት ለፊት ይደረጋሉ። ከጊታሩ የመጣው ድምፅ በትንሽ ማጉያ ጎልብቶ መብራቷን ያበራል። ምቱ ሲበረታ መብራቷ ትደምቃለች፤ ሬዚስተሩም ትርፉን ድምፅ ወደ ዜሮው መሥመር ያሳልፋል። ምቱ ሲደክም መብራቷ ትፈዛለች፤ ማሳለፊያውም ይጠባል። ለዚህ ሁሉ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ይበቃልና፥ ጀማሪ የግድግዳውን ኤሌክትሪክ አይንካ።

ነገር ግን ልጓሙ እጅግ ከጠበቀ ለስላሳውና ብርቱው ምት አንድ ይሆናል፤ የተጫዋቹም የእጅ ለዛ ይጠፋል።

ተሠርቶ የመጣውን መግዛት አይነቀፍም። በገዛ እጁ በይዶ ያገጣጠመ ወጣት ግን ሲበላሽበት ይጠግናል፤ ልጓሙንም የት እንደሚያላላ ያውቃል። የዚያ የጥንቱ ትእዛዝ ቁም ነገርም ይኸው ይመስለናል።