ፈቃድ ያለው ሱቅ በዘመቻ አይዘጋም
የደቡብ አፍሪካ ፍርድ ቤት ውሳኔ ለነጋዴው ምን ትርጉም አለው?

በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ወይም ቶሎ የሚበላሽ ምግብ የሚሸጥ ሰው፣ በሱቅም ይሁን መንገድ ዳር በጋሪ፣ ከአካባቢው አስተዳደር ፈቃድ ማውጣት እንዳለበት በ1991 የወጣው የንግድ ሥራ ሕግ ደንግጓል (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በመንገድ ላይ የሚሸጠው ነጋዴ ዕቃው ወይም ጋሪው የጤና ደንብ ካላሟላ ፈቃድ ሊከለከል ይችላል። ስደተኛ አይነግድ የሚል ቃል ግን በሕጉ ውስጥ የለም።

ይህ እያለ በ2012 በሊምፖፖ ክፍለ ሀገር ፖሊስ «ኦፕሬሽን ሃርድስቲክ» በተሰኘ ዘመቻ ከ600 በላይ ትናንሽ ሱቆችን ዘጋ፤ ሸቀጥም ወሰደ። ከተጎጂዎቹ መካከል «ስፓዛ» የሚባለውን የሰፈር ሱቅ የከፈቱ ሶማሌዎችና ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ይገኙበታል። የሁለቱም አገር ሰዎች ማኅበራት ክስ መሠረቱ። ፕሪቶሪያ ላይ ተረቱ፤ ይግባኝ አሉ።

በብሉምፎንቴን የሚያስችለው ጠቅላይ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት መስከረም 2014 ላይ ፈረደላቸው። ውሳኔው ሦስት ነጥብ አለው። አንደኛ፣ ፈቃድ ይዘው የሚሠሩ ሱቆችን መዝጋት ሕገ ወጥ ነው። ሁለተኛ፣ ስደተኞችና ጥገኝነት ጠያቂዎች የንግድ ፈቃድ ለማውጣትም ለማሳደስም ማመልከት ይችላሉ። ሦስተኛ፣ የንግድ ቤት መከራየት ይችላሉ። ምክንያቱስ? መንግሥት ለማይደጉመው፣ ከንግድ በቀር መተዳደሪያ ለሌለው ሰው ንግድን መከልከል ሰብአዊ ክብሩን መንካት ነው የሚል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ፍርድ ቤቱ የፈቀደው ማመልከትን እንጂ ያለ ፈቃድ መነገድን አይደለም። አስተዳደሩ ንጽሕናን የመቆጣጠር ሥልጣኑ አልተነካም። ይህም በኅዳር 2024 ታይቷል። ሕፃናት ከምግብ መመረዝ ጋር በተያያዘ በመሞታቸው ፕሬዚዳንት ራማፎሳ የሰፈር ምግብ ሱቆች ሁሉ በ21 ቀናት እንዲመዘገቡ አዘዙ፤ ቀነ ገደቡም እስከ የካቲት 28 ቀን 2025 ተራዘመ።

ስለዚህ ወደዚያ ገንዘብ የሚልክ ሸሪክም ሆነ ሸቀጥ በዱቤ የሚለቅ አከፋፋይ ከመደርደሪያው በፊት ፈቃዱን ይይ፤ በማን ስም እንደወጣና መቼ እንደሚያበቃ ይጠይቅ። ሱቁ ቢዘጋ ባለቤቱን ፍርድ ቤት ፊት የሚያቆመው ይኸው ወረቀት ነው።