«ምስጋና» ወይስ «ዕውቅና»? ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ፍቺና አገባብ



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ቃል ነው። ቃሉ በእንግሊዝኛ በሚጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎች መግቢያ ገጾች ላይ የምናገኘው «አክኖውሌጅመንት» ነው። በአማርኛ በሚጻፉት ላይ በዚያው ቦታ «ምስጋና» የሚል ርእስ ተቀምጦ እናያለን። በዚህም ምክንያት ብዙዎቻችን ሁለቱን ቃላት ፍጹም አቻ አድርገን እንወስዳቸዋለን። እኔም ለረጅም ዓመታት እንዲሁ አስብ ነበር። ይህ አስተሳሰብ ምን እንዳስከተለብኝ ኋላ እነግራችኋለሁ፤ አስቀድመን ግን ቃሉን እንመርምር።

የቃሉ እምብርት «ዐወቀ» የሚል ፍቺ ያለው የእንግሊዝኛ ግስ ነው። ማወቅንና ማመንን የሚገልጥ አንድ ጥንታዊ ግስ «ኖውሌጅ» ከሚለው ቃል ጋር ተዋሕዶ «አክኖውሌጅ» ተገኘ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ከፈረንሳይኛ የመጣው «መንት» የተሰኘ ድኅረ ቅጥያ ተጨምሮበት ስም ሆነ። እንግዲህ የቃሉ የመጀመሪያ ፍቺ ማመስገን አይደለም፤ የሚያውቁትን ነገር «አዎን፣ እንዲህ ነው» ብሎ በሰው ፊት መመስከር ነው። ምስጋና ከዚህ ግንድ ኋላ የበቀለ ቅርንጫፍ ነው።

ዛሬ ቃሉ በአራት ዐበይት አገባቦች ይሠራል። አንደኛው ማመን ነው፤ ጥፋተኛ ጥፋቱን፣ ተከራካሪ የባላጋራውን እውነት አምኖ ሲናገር ቃሉ ይገባል። ሁለተኛው መቀበል ነው። አባት ከጋብቻ ውጭ የተወለደን ልጅ «ልጄ ነው» ብሎ ሲቀበል ድርጊቱ በእንግሊዝኛ የሕግ ቋንቋ በዚሁ ቃል ይጠራል። በአውስትራሊያም ስብሰባ ሲከፈት ነባር ሕዝቦች የምድሩ የጥንት ባለቤቶች መሆናቸውን የሚመሰክር አጭር ንግግር ይደረጋል፤ መጠሪያው ይኸው ቃል ነው። ያንን ንግግር «ምስጋና» ብሎ የሚተረጉም ሰው ፍሬ ነገሩን ይስተዋል፤ የሚነገረው የባለቤትነት ምስክርነት ነውና።

ሦስተኛው መድረሱን ማረጋገጥ ነው። መሥሪያ ቤት ደብዳቤያችሁ እንደደረሰው ሲገልጽ ቃሉን ይጠቀማል። በኮምፒዩተር መረብ ውስጥም መረጃ የተቀበለው ወገን «አክ» የተባለ አጭር ምልክት ይልካል፤ ላኪው ምልክቱን በጊዜው ካላገኘ መረጃውን ይደግማል። እዚህ ላይ አመስጋኝም ተመስጋኝም የለም። የእኛው «ደረሰኝ» የሚለው ቃል ለዚህ ፍቺ እጅግ የቀረበ ነው። ግስ የነበረው፣ «እጄ ገብቷል» የሚል የተቀባይ ቃል፣ ወረቀት ሆኖ ከሰጪው እጅ ይቀመጣል። አራተኛው በምሁራን ጽሑፍ የምናውቀው፣ የረዱንን ሰዎች ማውሳት ነው።

አራቱን የሚያስተሳስር አንድ ክር አለ፤ በልብ የታወቀውን በአደባባይ መግለጥ። አማርኛም ይህን ክር ያውቀዋል። «ዕውቅና» የተወለደው ከ«ዐወቀ» ነው። ምስጋና ቢሱን ሰው «ውለታ የማያውቅ» እንለዋለን፤ ጉድለቱን ከማወቅ ጋር አያይዘን ማለት ነው። በፈረንሳይኛም «ረኮኔሳንስ» የሚለው ቃል ዕውቅናንም የውለታ ስሜትንም በአንድነት ይይዛል።

ሆኖም ምስጋናና ዕውቅና የሚለያዩበት ቦታ አለ። «እግዜር ይስጥልኝ» ስንል ብድራቱን ለመክፈል ዐቅም እንደሌለን ገልጠን ለፈጣሪ እናስተላልፈዋለን። ይህ ያማረ ምርቃት ነው፤ ነገር ግን ምን እንደተቀበልን አይናገርም። ዕውቅና ግን «ይህን ከአንተ አግኝቻለሁ» ብሎ ነገሩን በስሙ ካልጠራ ዕውቅና አይሆንም።

አሁን የገባሁትን ቃል ልፈጽም። የዶክትሬት ጥናቴን በምሠራበት ጊዜ በመስክ ላይ አንድ አስተርጓሚ አብሮኝ ነበር። እርሱ የሰበሰብናቸውን ቃላት ከመተርጎም አልፎ፣ አንድ ምሽት በኩራዝ ብርሃን ቁጭ ብሎ፣ ካርዶቹን በምድብ በምድብ ደረደረልኝ። ለእያንዳንዱም ምድብ ምክንያቱን አስረዳኝ። ያ ድርድር የጥናቴ የሦስተኛው ምዕራፍ የጀርባ አጥንት ሆነ። በመግቢያው ገጽ ላይ ስሙን ጽፌ «ላደረገልኝ ቅን ትብብር» አመሰገንሁት። በምዕራፉ ውስጥ ግን ምድቦቹ የእኔ ሆነው ቀረቡ። ከተመረቅሁ በኋላ ቅጂውን ወስጄ ሰጠሁት፤ በጥሞና አነበበው። «ስሜን አገኘሁት፤ ነገሬን ግን አላገኘሁትም» አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም። እኔ ግን የምመልሰው አጣሁ። አመስግኜው ነበር እንጂ ዕውቅና አልሰጠሁትም ነበር። ኋላ ላይ ያንን ምዕራፍ አሻሽዬ በጽሑፍ ሳወጣ ምድቦቹ የማን እንደሆኑ በመጀመሪያው አንቀጽ ገለጥሁ፤ የመጀመሪያው ቅጂ ግን ዛሬም እንደተጻፈ በመደርደሪያ ላይ አለ።

ይህ ጉዳይ የግል ጨዋነት ብቻ አይደለም፤ ሥርዓት የተሠራለት ነው። የሕክምና መጽሔቶች አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ የደራሲነትን መስፈርት ያላሟሉ ተባባሪዎች በዚህ ክፍል እንዲጠቀሱ፣ ያደረጉትም አስተዋፅኦ እንዲገለጽ ይመክራል። ስማቸው የሚጠቀሰውም በጽሑፍ ፈቃዳቸው ተጠይቆ እንዲሆን ያሳስባል፤ ስሙ የተጠቀሰ ሰው ውጤቱን እንደደገፈ ተደርጎ ሊቈጠር ይችላልና። መስፈርቱን ያሟላው ደግሞ ቦታው ከደራስያን ተርታ ነው፤ በምስጋና ገጽ ሊካስ አይችልም።

ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ ያንን ገጽ ስትጽፉ በእያንዳንዱ ስም ፊት ሁለት ጥያቄ አንሡ። ከዚህ ሰው የተቀበልሁት ምንድን ነው? የተቀበልሁትስ በጽሑፌ ውስጥ በትክክለኛ ቦታው፣ በባለቤቱ ስም ተቀምጧልን? ለቤተሰብ ፍቅር፣ ለወዳጅ ማበረታቻ ምስጋና ይበቃል። ለሐሳብ፣ ለመረጃና ለትንታኔ ግን ምስጋና ብቻውን አይበቃም።

በዚህ ንግግር ውስጥ የቀረበውም ዋና ሐሳብ፣ በስምና በነገር መካከል ያለው ልዩነት፣ የእኔ አይደለም፤ የዚያ አስተርጓሚ ነው።