መግፋት ወይስ መመከት?

«ፌንድ ኦፍ» የተሰኘው የእንግሊዝኛ ጥምር ግስ በሳይንስ ንባብ ሲያጋጥመን «ገፍቶ መመለስ» ብለን ለመተርጎም እንቸኩላለን። ሆኖም «ፌንድ» የ«ዲፌንድ» አጭር ቅርጽ ሲሆን ፍቺው መከላከል ነው። ልዩነቱ ፊዚክሱንም ይነካል።

የመሬት መግነጢሳዊ መስክ በሰከንድ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚገሠግሠውን የፀሐይ ነፋስ «ፌንድ ኦፍ» ያደርጋል ሲባል፣ ተመሳሳይ ቻርጆች እንደሚገፋፉ ይገፋዋል ማለት አይደለም። መግነጢሳዊው ኃይል ከቅንጣቷ የጉዞ አቅጣጫ ጋር ምንጊዜም የ90 ዲግሪ ማዕዘን ስለሚሠራ፣ መንገዷን ያጎብጣል እንጂ ፍጥነቷን አይቀንስም። ጋሻም የተወረወረን ጦር ወደ ጎን ያስታል እንጂ ወደ ወርዋሪው አይመልስም። አሜሪካውያን የመኪናን ፓራፋንጎ «ፌንደር» የሚሉትም ከዚሁ ግስ ነው፤ ጭቃን ይከላከላል።

እንግዲህ ተማሪው «መግፋት» ብሎ ቢተረጉም የሌለ ኃይል ይፈጥራል፤ «መመከት» ቢል ግን ቋንቋውም ፊዚክሱም ይቃናሉ።