ነፃው ወይስ የሚገዛው? የመስሚያ መሣሪያ ምርጫ በብሪታንያ

ከዕድሜ ጋር የሚመጣ የመስማት ችግር ሁሉንም ድምፅ እኩል አይቀንስም። ቀድመው የሚዳከሙት በውስጠኛው ጆሮ ቀጫጭን ድምፆችን የሚቀበሉት ሕዋሳት ናቸው። «ሰ»፣ «ፈ» እና «ተ» ሲደበዝዙ ወፍራሙ ድምፅ ይቀራል። ብዙ አዛውንት «ድምፁ ይሰማኛል፣ ቃሉ ግን አይለይልኝም» የሚሉት ለዚህ ነው። የሞቱት ሕዋሳት አይተኩም፤ መሣሪያው የጎደለውን ድምፅ ለይቶ ያጎላል።

ብሪታንያ ውስጥ መሣሪያውን በሁለት መንገድ ማግኘት ይቻላል። አንደኛው ኤንኤችኤስ የሚባለው የመንግሥት የጤና አገልግሎት ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ሥራ ሲጀምር ይሰጥ የነበረው ሜድሬስኮ የተባለ፣ ልብስ ላይ የሚያያዝ ባለገመድ መሣሪያ ነበር። የዛሬው ዲጂታል ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጆሮ ጀርባ ይቀመጣል። አሠራሩ በውሰት ነው፤ ባትሪውም ጥገናውም ነፃ ነው። ከጠፋ ግን ሊያስከፍል ይችላል። ለምርመራ የሚልክዎት ብዙ ጊዜ የቤተሰብ ሐኪምዎ (ጂፒ) ነው፤ የወረፋው ርዝመት እንደየአካባቢው ይለያያል።

ሁለተኛው መንገድ መግዛት ነው። ዋጋው ከመቶዎች እስከ ሺዎች ፓውንድ ይደርሳል። በዚህ ገንዘብ የሚያገኙት ሰፊ ምርጫ፣ አጭር ወረፋና ጆሮ ውስጥ ገብቶ የማይታይ መሣሪያ ነው። ለኤንኤችኤስ የሚያቀርቡት አምራቾች በግል ገበያው ላይም የሚሸጡት ናቸው፤ ስለዚህ «ነፃ ነውና ተራ ነው» ማለት ስሕተት ነው። ትንሹ መሣሪያም ሁሌ የተሻለ አይደለም፤ ባትሪውም ትንሽ ስለሆነ፣ ጣቱ ለሚንቀጠቀጥ ወይም ዓይኑ ለደከመ ሰው መቀየሩ ይከብዳል።

ከዋጋው በላይ ለውጥ የሚያመጣው ልኬቱ ነው። ጥሩ ባለሙያ ቀጭን ቱቦ ጆሮዎ ውስጥ አስገብቶ፣ መሣሪያው ሲሠራ ታምቡሩ አጠገብ የሚደርሰውን ድምፅ ይለካል፤ ከዚያም እንደ ምርመራው ውጤት ያስተካክለዋል። ይህ ካልተደረገ ውዱም መሣሪያ መሳቢያ ውስጥ ሊቀር ይችላል። መጀመሪያ ላይ የሳህኑ ኳኳታና የወረቀቱ ኮሽታ ይረብሻል፤ አእምሮ እስኪለምደው ሳምንታት ስለሚፈልግ በየዕለቱ ማድረግ ይገባል።

ለመግዛት ከወሰኑም ሳይከፍሉ ይጠይቁ፦ የሙከራ ጊዜው ስንት ነው? ካልተስማማኝ ገንዘቤ ይመለሳል? ቀጣዩ ማስተካከያና ጥገና በዋጋው ውስጥ አለ? በኤንኤችኤስ በኩል ከሆነ ደግሞ፣ እንግሊዝኛ የሚከብዳቸው ሰዎች ለቀጠሮው አስተርጓሚ በነፃ መጠየቅ ይችላሉ፤ ቀጠሮው ሲያዝ አስቀድመው ይንገሩ።

ምክሬ ከነፃው ይጀምሩ ነው። አዘውትረው አድርገውት፣ ተስተካክሎም የጎደለዎትን በግልጽ መናገር ከቻሉ ያን ጊዜ ይግዙ።