የአንጎል ምትና የማስታወስ ቅጽበት

በሰው አንጎል ውስጥ ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሴሎች አሉ። የአንዱ ሴል ኤሌክትሪክ እጅግ ደካማ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ሴሎች አብረው ሲነቁና አብረው ሲያርፉ ግን፣ እጁን እኩል እንደሚያጨበጭብ ሕዝብ፣ ድምራቸው ከራስ ቅል ውጭ ሆኖ ለሚያዳምጥ መሣሪያ ይደርሳል። ይህ ከፍ ዝቅ የሚል እንቅስቃሴ የአንጎል ሞገድ ይባላል፤ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ የሚለካውም በሄርዝ ነው።

የሰውን አንጎል ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ የመዘገበው ጀርመናዊው የአእምሮ ሐኪም ሃንስ በርገር ነው። በየና ከተማ እ.ኤ.አ. በ1924 የጀመረውን ሥራ በ1929 አሳተመ። ዓይኑን ጨፍኖ ባረፈ ሰው ላይ ጎልቶ የሚታየውን፣ በሰከንድ ከ8 እስከ 13 ጊዜ የሚመላለሰውን ሞገድ አልፋ ብሎ ሰየመው። ከእርሱ በኋላ ዘገም የሚለው ቴታና ከ30 ሄርዝ በላይ የሚፈጥነው ጋማ ታወቁ። ከማስታወስ ጋር በተያያዘ ብዙ የተጠናው ቴታ ነው።

ቴታ ጎልቶ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ሂፖካምፐስ ነው። ይህ ክፍል ከጆሮ አካባቢ ወደ ውስጥ ጠለቅ ብሎ በግራና በቀኝ ይገኛል። ጥቅሙ በግልጽ የታየው ሄንሪ ሞላይሰን በተባለ አሜሪካዊ ላይ ነበር። ከሚጥል በሽታ እንዲድን በ1953 በተደረገለት ቀዶ ሕክምና የሁለቱም ወገን ሂፖካምፐስ ትልቅ ክፍል ተወገደ። ከዚያ በኋላ ስለ ልጅነቱ መናገር ይችል ነበር፤ ያነጋገሩት ሰዎች ከክፍሉ ወጥተው ሲመለሱ ግን እንደ አዲስ ይተዋወቃቸው ነበር። በካናዳ ትሠራ የነበረችው ተመራማሪ ብሬንዳ ሚልነር ይህን ሰው ለዓመታት በማጥናት፣ አዲስ ገጠመኝ እንዲቀመጥ ሂፖካምፐስ የግድ እንደሚያስፈልግ አሳየች።

የአንድ ገጠመኝ መልክ፣ ድምፅና ሽታ የሚሠሩት በተለያዩ የአንጎል ሽፋን ክፍሎች ነው። ሂፖካምፐስ እነዚህን ያስተሳስራል። በኋላ አንዲት ፍንጭ፣ ለምሳሌ የሰው ድምፅ፣ ስትገኝ በዚያ ትስስር አማካይነት የቀረውም ይነሣል። እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ፤ አዲስ ነገር መቀበልና አሮጌውን ማንሣት በአንድ መረብ ላይ በአንድ ጊዜ ቢካሄዱ ይደበላለቃሉ። አሜሪካዊው ተመራማሪ ማይክል ሃሰልሞና ባልደረቦቹ በ2002 ያቀረቡት ሐሳብ ለዚህ መልስ ይሰጣል። በቴታ ሞገድ አንዱ አጋማሽ ከውጭ የሚመጣው ይገባል፤ በሌላው አጋማሽ በውስጥ ያለው ይነሣል። ሞገዱ በሰከንድ አምስት ጊዜ ቢመላለስ፣ ለእያንዳንዱ ሥራ የሚደርሰው አንድ አሥረኛ ሰከንድ ገደማ ነው።

ይህ እውነት ከሆነ ሰው የሚያስታውስበት ቅጽበት ራሱ ምት ሊኖረው ይገባል። በ2021 የታተመ ጥናት ይህንኑ ፈተሸ። ተሳታፊዎች ፍንጭን ከአንድ ዕቃ ሥዕል ጋር አያይዘው ይማራሉ፤ በኋላ ፍንጩ ብቻ ይቀርብላቸውና ሥዕሉ ትዝ ሲላቸው ቁልፍ ይጫናሉ። በትክክል ባስታወሱባቸው ሙከራዎች ቁልፉ የተጫነባቸው ጊዜያት በሰከንድ ከ1 እስከ 5 በሚደርስ ምት ተሰባስበው ተገኙ። ሥዕሉ ፊት ለፊታቸው ሆኖ ስለሚታየው ነገር ብቻ ሲጠየቁ ግን እንዲህ ያለ ምት አልታየም። በሕሙማን ሂፖካምፐስ የተመዘገበው ሞገድም፣ ከተረሱት ይልቅ በታወሱት ጊዜ ይበልጥ ወጥነት ነበረው።

እንዲህ ያለ የቅርብ ምዝገባ የሚገኘው በሽታቸው በመድኃኒት አልቆም ካላቸው የሚጥል በሽታ ታማሚዎች ነው። ሐኪሞች የበሽታውን መነሻ ለመለየት በአንጎላቸው ውስጥ ቀጫጭን ኤሌክትሮዶች ያስገባሉ፤ ታማሚዎቹም በሆስፒታል አልጋቸው ላይ ሆነው የማስታወስ ፈተና ለመሥራት ይፈቅዳሉ። እነዚህ ሰዎች የሳይንሱ ትልቅ ባለውለታዎች ናቸው።

ከእነርሱ የተገኘው መረጃ የማስታወስን ቅደም ተከተል ያሳያል። ፍንጩ ከቀረበ ግማሽ ሰከንድ ገደማ በኋላ ሂፖካምፐስ ይነቃል፤ ከዚያ ቀጥሎ የገጠመኙ ዝርዝር በአንጎል ሽፋን ላይ ዳግም ይነሣል። በ2019 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ሰዎች ያዩትን ሥዕል በቃል ከመጥራታቸው አንድ ሁለት ሰከንድ አስቀድሞ በሂፖካምፐስ ውስጥ አጭርና ፈጣን ንዝረት እንደሚበዛ አሳይቷል። ዝርዝሩ የሚነሣበት ቅደም ተከተልም ከማየት የተገላቢጦሽ ነው። ዓይን መጀመሪያ ቅርጽና ቀለም ይለያል፣ ከዚያ ነገሩ ምን እንደሆነ ይታወቃል፤ ሲታወስ ግን ትርጉሙ ይቀድምና ቅርጽና ቀለሙ ይከተላሉ።

የዘርፉ ጥያቄዎች ገና አልተዘጉም። የሰው ቴታ ከአይጥ ቴታ ይልቅ ዝግ ያለና የሚቆራረጥ ነው። ሞገዱና ማስታወስ አብረው መገኘታቸውም ብቻውን አንዱ የሌላው ምክንያት መሆኑን አያረጋግጥም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ሞገዱን በመጠነኛ ኤሌክትሪክ በመለወጥ ማስታወስ አብሮ ይለወጥ እንደሆነ እየፈተኑ ነው። የአልዛይመር በሽታ ቀድሞ ከሚያጠቃቸው የአንጎል ክፍሎች መካከል ሂፖካምፐስና አጎራባቹ ስለሚገኙ፣ የዚህ ጥረት ውጤት የሚወዷቸውን ሰዎች ስም እየረሱ ያሉ ሕሙማንንና ቤተሰቦቻቸውን በቀጥታ የሚመለከት ነው።