የመንግሥት አገልግሎት ድረ ገጽ በእጅ ስልክ ሲከፈት ወደ ሌላ ገጽ ቢዞር ምን ማድረግ ይገባል?

በርካታ ተገልጋዮች የኤሌክትሮኒክ አገልግሎቶችን የሚያገኙት በእጅ ስልካቸው ነው። አንዳንድ ጊዜ የማመልከቻውን ገጽ ሲከፍቱ ወደ መነሻ ገጽ ይመለሳሉ፤ ወይም ገጹ ሳይከፈት ደጋግሞ ይዞራል። የማመልከቻ ጊዜ ሊያበቃ ሲቃረብ ይህ ቢያጋጥም ተገልጋዩን ለመጉላላት ይዳርጋል።

የችግሩ ምንጭ

ብሮውዘር አንድን ገጽ ሲጠይቅ ስለ መሣሪያው ዓይነት አጭር መግለጫ ለሰርቨሩ ይልካል። ሰርቨሩም መግለጫውን ተመልክቶ ለስልክ ወደተዘጋጀው ገጽ ሊመራው ይችላል። ቁጥር 301 ቋሚ፣ ቁጥር 302 ደግሞ ጊዜያዊ የማዞሪያ ትእዛዝን ያመለክታሉ። ለስልክ በተዘጋጀው ድረ ገጽ የተፈለገው ቅጽ ከሌለ ተገልጋዩ ወደ መነሻ ገጽ ሊላክ ይችላል። ሁለት ትእዛዞች ሲጋጩ ደግሞ ገጹ ማለቂያ ወደሌለው ዙር ይገባል፤ ክሮምም 20 ጊዜ ከተከተለ በኋላ ያቆማል። ቋሚ ትእዛዝ በስልኩ ስለሚቀመጥ፣ ሰርቨሩ ከተስተካከለ በኋላም ችግሩ ሊቀጥል ይችላል።

በተገልጋዩ የሚወሰዱ እርምጃዎች

1. አድራሻው በትክክል መጻፉን ማረጋገጥ፤
2. ገጹን ማንነት በማያሳውቅ መስኮት መክፈት፤
3. በዚህ መንገድ ከተከፈተ፣ የድረ ገጹን ኩኪዎችና በስልኩ የተቀመጡ ፋይሎች ማጥፋት፤
4. ካልተከፈተ፣ ከብሮውዘሩ ምናሌ «የዴስክቶፕ ጣቢያ» የሚለውን መምረጥ ወይም በኮምፒውተር መሞከር።

ገጹ በኮምፒውተር ተከፍቶ በስልክ የማይከፈት ከሆነ፣ ስህተቱ በሰርቨሩ በኩል የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ጥንቃቄ

የኢትዮጵያ መንግሥት ተቋማት የድረ ገጽ ስም በአብዛኛው በ«ዶት ጎቭ ዶት ኢቲ» ያበቃል። ይህ ስም በአድራሻው ውስጥ ከ«//» በኋላ ካለው የመጀመሪያ እዝባር በፊት በመጨረሻ መገኘት አለበት፤ በመሃል መገኘቱ ብቻ ማረጋገጫ አይሆንም። ተገልጋዩ ወደማያውቀው አድራሻ ከተዛወረ የይለፍ ቃልም ሆነ የመታወቂያ ቁጥር ማስገባት የለበትም። በክፍያ መካከል ገጹ ከተቋረጠም በድጋሚ ከመክፈል በፊት የመጀመሪያው ክፍያ አለመፈጸሙን ከባንኩ ወይም ከክፍያ አገልግሎቱ መልእክት ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ችግሩን ስለማሳወቅ

ችግሩ ካልተፈታ አገልግሎቱን ለሚሰጠው ተቋም የተከፈተውን አድራሻ፣ ገጹ የደረሰበትን አድራሻ፣ ቀንና ሰዓቱን፣ የስልኩንና የብሮውዘሩን ዓይነት እንዲሁም የስክሪኑን ምስል መላክ ያስፈልጋል። የይለፍ ቃል ግን አብሮ አይላክም። የማመልከቻው ጊዜ የሚያበቃ ከሆነ ጥቆማውን ከማብቂያው በፊት በጽሑፍ ማቅረብ፣ ተገልጋዩ በጊዜው ለማመልከት መሞከሩን ለማስረዳት ያግዛል።