ዙር አክራሪው ወዴት ገባ?

በገዳሪፍ መጠለያዎች ቡና ላይ የሩጫ ወሬ ከተነሳ «ዙር አክራሪ» መባሉ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1980 ሞስኮ፣ በ10,000 ሜትር፣ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ ከምሩጽ ይፍጠር ጋር እየተፈራረቁ ዙሩን አከረሩት፤ ምሩጽ ወርቅ፣ መሐመድ ነሐስ ሲያገኙ ቶሎሳ አራተኛ ሆኖ ባዶ እጁን ቀረ።

ዛሬ ለክብረ ወሰን ሲሮጥ አሯሯጭ በገንዘብ ይቀጠራል፤ የተወሰነ ዙር ስቦ ይወጣል። በትራኩ ጠርዝም ፍጥነት የሚያሳይ መብራት አለ። ለተሰንበት ግደይ በ2020 ቫሌንሲያ ላይ የ5,000 ሜትር ክብረ ወሰን በ14:06.62 ስትሰብር መብራቱ አብሯት ነበር። መብራት ግን ነፋስ አይከልልም!

ኦሎምፒክ ላይ ቅጥር አሯሯጭ የለም። በ2024 ፓሪስ ዮሚፍ፣ ሰለሞንና በሪሁ እንደ ድሮው ተጋግዘው 10,000ውን አከረሩት። ወርቁን ግን ከኋላ ሆኖ የጠበቀው ኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ ወሰደው፤ ለኛ የደረሰን የበሪሁ ብር ነው።